ግራይፍስቫልድና ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክ፦ የጉዞ ማስታወሻ

ለጀርመናዊው የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ለካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክ የተሰየመው ሙዚየም የሚገኘው በተወለደበት ከተማ፣ በሰሜን ምሥራቅ ጀርመን የባሕር ዳርቻ ባለችው ግራይፍስቫልድ ነው። ሙዚየሙ ግን በራሱ እጅ የሳላቸውን የዘይት ቀለም ሥዕሎች ለማየት የሚኬድበት ቦታ አይደለም። ይህን ሳያውቅ የሚሄድ ሰው በሩ ላይ ቅር ይለዋል። ሥዕሎቹ እዚያው ከተማ በሌላ ሙዚየም፣ በበርሊን፣ በሃምቡርግ፣ በድሬስደን፣ በላይፕሲግ፣ አልፎም በስዊዘርላንድ ተበትነው ይገኛሉ። ስለዚህ ሙዚየሙን፣ ሥዕሎቹንና መነሻ የሆኑትን ቦታዎች አያይዞ ማየት ይሻላል። ፍሪድሪክ ሜዳ ላይ ሲነድፍ ድንጋዩንም ቅርንጫፉንም ሳያዛንፍ ነበር የሚነድፈው፤ ቀኑንም ይጽፍበታል። ቤቱ ገብቶ ቀለም ሲቀባ ግን ፍርስራሹን ከባሕር ዳር አንስቶ ተራራ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ዛፍ ይተክልበታል፣ በረዶ ያለብሰዋል። የዚህ ጉዞ ትርፉ የትኛውን እንዳለ እንደተወና የትኛውን እንደለወጠ በዓይን ማየት ነው።

(ዓመታቱ በአውሮፓውያን፣ ሰዓቶቹ በጀርመን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመነሳታችሁ በፊት የምትጎበኟቸውን ቦታዎች የሚያሳዩ ሥዕሎች ስልካችሁ ላይ አውርዱ፦ «ገዳም በኦክ ጫካ»፣ «የኤልዴና ፍርስራሽ»፣ «በግራይፍስቫልድ አጠገብ ያሉ መስኮች»፣ «የዕድሜ እርከኖች» እና «የሩገን የጠመኔ ገደሎች»። ሩገን ደሴት ጫካ ውስጥ ኔትዎርክ ይቆራረጣል፤ ሥዕሉን የምትፈልጉት ደግሞ በትክክል እዚያ ነው። ጉዞው ሰኞን እንዳይነካ አድርጉ፤ ሙዚየሞቹ ሰኞ ዝግ ናቸው። በጀርመን እሁድ አብዛኞቹ ሱቆች ስለሚዘጉ የመንገድ ስንቅ ቅዳሜ ይገዛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የምትፈልጉት ሥዕል በውሰት ወደ ሌላ አገር አለመሄዱን ሙዚየሙን ጠይቁ። በ2024 ሠዓሊው የተወለደበት 250ኛ ዓመት ሲከበር ሥዕሎቹ ከሃምቡርግ ወደ በርሊን፣ ከበርሊን ወደ ድሬስደን ሲዘዋወሩ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያም ብዙዎቹ ለትልቅ ትርኢት ኒው ዮርክ ሄደዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ግድግዳው ላይ የሚጠብቃችሁ ትንሽ ማስታወቂያ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አንደኛ ቀን፦ ከበርሊን ወደ ግራይፍስቫልድ

ከበርሊን ዋና ባቡር ጣቢያ «አርኤ 3» የሚባለው የክልል ባቡር በአንገርሙንደ፣ በፓሴቫልክና በአንክላም አድርጎ 3 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በዚህ ቁጥር የሚጠሩ ባቡሮች ሁሉ ወደ ሰሜን አይዘልቁም፤ አንዳንዶቹ ወደ ሽቬት ይታጠፋሉ። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትሳፈሩ፤ ሰሌዳው ላይ «ሽትራልዙንድ» የሚለውን መድረሻ አንብቡ። ከተማው ስትደርሱም ግራይፍስቫልድ ዙድ በሚባለው ትንሽ ጣቢያ እንዳትወርዱ፤ የእናንተ ዋናው ጣቢያ ነው። ከዚያ አሮጌው ከተማ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ጀርመን አገር ለሚኖሩ ወርኃዊው ዶይችላንድ ቲኬት ይህን ባቡር፣ የከተማውን አውቶቡስና የሩገንን አውቶቡስ ሁሉ ይሸፍናል። ፈጣኖቹን «አይሲኢ» እና «አይሲ» ባቡሮች ግን አይጨምርም። ቲኬቱ የደንበኝነት ውል ስለሆነ ለአንድ ወር ብቻ የገዛ ሰው እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ካልሰረዘው የሚቀጥለውም ወር ሒሳብ ይቆረጥበታል። ለአጭር ጊዜ ከውጭ ለሚመጣ ተራ የክልል ትኬት ይቀላል።

ከሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ ቀኑን ሙዚየም ውስጥ አትጀምሩት። ከከተማው በስተ ምዕራብ ወዳለው ሜዳ ውጡና ወደ ኋላ ዞራችሁ እዩ። የሦስት አብያተ ክርስቲያናት ጣራ በአንድ መስመር ይታያል። የከተማው ሰው «ወፍራሟ ማርያም፣ ረጅሙ ኒኮላስ፣ ትንሹ ያዕቆብ» ይላቸዋል። በ1821 እና 1822 መካከል የተሳለው «በግራይፍስቫልድ አጠገብ ያሉ መስኮች» ይህን ነው የሚያሳየው። ሥዕሉ ዛሬ ሃምቡርግ ነው፤ 34.5 በ48.3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ፈረሶች አረንጓዴ መስክ ላይ ሲቦርቁ ከተማው ከኋላ በጭጋግ ውስጥ ይታያል። አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ስለምትሆን የጡቡ ቅላት ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ የሥዕሉን ጭጋግ የሚፈልግ ግን ማለዳ ይውጣ። በታኅሣሥ ፀሐይ ከ16 ሰዓት በፊት ትጠልቃለችና ይህን በክረምት ያሰበ ሰው ጊዜውን ያስተካክል።

ሁለተኛ ቀን፦ የሻማ ሠሪው ቤት፣ ካቴድራሉና የፖሜራንያ ሙዚየም

የካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክ ማዕከል አድራሻው ላንገ ሽትራሰ 57 ነው፤ በሙዚየምነት የተከፈተው በ2004 ነው። ሠዓሊው ከአሥር ልጆች ስድስተኛ ሆኖ መስከረም 5 ቀን 1774 በዚህ ቦታ ተወለደ። ከተማው ያኔ በስዊድን ሥር ነበር። የፊት ለፊቱ ቤት በ1901 በእሳት ጠፍቶ አሁን ያለው እዚያው ቦታ ላይ እንደገና የተሠራ ነው። ስለዚህ «የተወለደበት ክፍል ይህ ነው» የምትሉት ግድግዳ አትፈልጉ። ጊዜያችሁን ለምድር ቤቱ ስጡ።

አባቱ አዶልፍ ጎትሊብ ፍሪድሪክ ሳሙና ቀቃይና ሻማ ሠሪ ነበር፤ ምድር ቤቱም የዚህን ሙያ ሥራ ያሳያል። ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ቤት የሚኖሩት መነሻቸው አንድ ስለሆነ ነው፤ ሞራ። ሞራው ቀልጦ ይጣራል። ንጹሑ ለሻማ ይሄዳል፤ ለሳሙና የተመደበው ከእንጨት አመድና ከኖራ ከሚወጣ የሚያቃጥል ውሃ ጋር ለሰዓታት ይቀቀላል። የአመድ ውሃ ብቻውን የሚሰጠው ለስላሳ፣ ሙክክ ያለ ሳሙና ነው። ጠንካራና የሚቆረጥ ሳሙና እንዲሆን ጨው ይጨመርበታል፤ ያኔ ሳሙናው ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቆሻሻው ውሃ ከሥር ይቀራል። የሚያቃጥለው ውሃ ካነሰ ሳሙናው ቅባት እንደያዘ ይቀራል፤ ከበዛ ቆዳ ይልጣል። ሽታው ከባድ ነው፣ እሳቱም ቀኑን ሙሉ ይነዳል።

ማዕከሉ ሻማ የመሥራት ልምምድ በሚያዘጋጅበት ቀን ከሄዳችሁ ተመዝገቡ፤ ለቡድን አስቀድሞ መደወል ያስፈልጋል። ፈትል በሰም እየተነከረ ጧፍ ሲሠራ ያየ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም፤ ክሩ ይነከራል፣ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደግሞ ይነከራል። ሥራው የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። ሰሙ ከመጠን በላይ ከሞቀ አዲሱ ንክር የቀደመውን ሽፋን አቅልጦ ይወስደዋልና ሻማው አይወፍርም። ከቀዘቀዘ ደግሞ ሽፋኑ እየተጎረበጠ ይሄዳል። ክሩን ሰሙ ውስጥ ማቆየትም የቀደመውን ሽፋን ያቀልጠዋል፤ ቶሎ ነክሮ ቶሎ ማውጣት ነው።

«የሻማ ሠሪ ልጅ ስለሆነ ብርሃንን ሳለ» የሚለውን ትርጓሜ በየቦታው ትሰሙታላችሁ። ለጆሮ ይጥማል እንጂ ሥዕሎቹን ለማየት ብዙም አይረዳም። የሚረዳው ፎቅ ላይ ስለ ሕይወቱ የሚታየው ነው፦ በ1781 እናቱ መሞቷ፤ በ1787 ወንድሙ ዮሐን ክሪስቶፈር ውሃ ውስጥ መስጠሙ፤ ከ1790 ጀምሮ በከተማው ዩኒቨርሲቲ ከዮሐን ጎትፍሪድ ክቪስቶርፕ ሥዕል መማሩ፤ ከ1794 እስከ 1798 የኮፐንሃገን አካዳሚ፤ ከዚያ እስከ ሞተበት እስከ 1840 ድረስ ድሬስደን። ለማዕከሉ አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው።

ካቴድራሉ ቅዱስ ኒኮላይ እዚያው አጠገብ ነው። ፍሪድሪክ የተጠመቀበት ነው፤ ነገር ግን ለእኔ ከዚያ የሚበልጠው የውስጡ የእንጨት ሥራ ነው። በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ መጀመሪያ ውስጡ በአዲስ መልክ ሲሠራ አናጢው የሠዓሊው ወንድም ክርስቲያን ፍሪድሪክ ነበር። ወንድሙ በሸራ ላይ የሚስለውን ሹል የጎቲክ ቅስት እሱ በእንጨት ጠርቦታል። በምሥራቅ በኩል ያለው ባለ ቀለም መስኮት ግን አዲስ ነው፤ የዘመናችን የጥበብ ሰው ኦላፉር ኤልያሶን ለ2024ቱ በዓል የሠራው ሲሆን የቀለሙ ሽግግር ከፍሪድሪክ ሥዕል የተወሰደ ነው። ማማው 100 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ መውጣት ይቻላል፣ ደረጃው ግን ጠባብ ስለሆነ ትልቅ ቦርሳ ይዛችሁ አትሞክሩት።

ከምሳ በኋላ ወደ ፖሜራንያ ክልል ሙዚየም፣ ራኮቨር ሽትራሰ። የሥዕል ማሳያው ያለው የፍሪድሪክ አስተማሪ ክቪስቶርፕ ራሱ በነደፈው ሕንፃ ውስጥ ነው። ቦርሳ በሎከር ይቀመጣል፤ አንድ ሁለት ሳንቲም ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። በሙዚየሙ ካሉት የፍሪድሪክ ሥራዎች ሁለቱን ደጋግማችሁ እዩ።

አንደኛው በ1830ዎቹ መጀመሪያ የተሳለው «የኤልዴና ፍርስራሽ በሪዘንገቢርገ ተራሮች» ነው። ፍርስራሹ ከዚህ ሙዚየም በእግር የሚደረስበት ነው፤ ከኋላው የተሳለው ተራራ ግን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ዛሬ በቼክና በፖላንድ ድንበር ላይ ይገኛል። ፍሪድሪክ ያን ተራራ በ1810 በእግሩ ተጉዞ ነድፎታል። ሁለቱ ንድፎች ከዓመታት በኋላ አንድ ሸራ ላይ ተገናኙ። መጀመሪያ ከሦስት ሜትር ያህል እዩት፤ ቀጥሎ ጠባቂው እስከፈቀደላችሁ ተጠጉ። ቀለሙ በጣም ስስ ነው፤ የብሩሽ ምልክት እምብዛም አይታይም። ሥዕሉ የተሠራው በጥንቃቄ በተሰመረ ንድፍ ላይ ስስ ቀለም በቀለም ላይ እየተደረበ ስለሆነ አንዳንድ ቦታ መስመሩ ከሥር ብቅ ይላል። መብራቱ ካንጸባረቀባችሁ ወደ ጎን አንድ እርምጃ ሂዱ።

ሁለተኛው በ1818 የተሠራው የግራይፍስቫልድ ገበያ አደባባይ የውሃ ቀለም ሥዕል ነው፤ ቤተሰቡ አደባባዩ ላይ ቆሞ ይታያል። የውሃ ቀለም በብርሃን ስለሚደበዝዝ ሁልጊዜ አይታይም፤ ዋናው ነው ወይስ ቅጂ ብላችሁ ጠይቁ። በሙዚየሞች ዘንድ የተለመደው የወረቀት ሥራን በ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ፣ ማለትም በደብዛዛ ብርሃን ማሳየት ነው፤ ዓይን እስኪለምደው ጥቂት ደቂቃ ቆሙ። ከሙዚየሙ ስትወጡ አደባባዩ ቅርብ ነውና በስልካችሁ ካለው ጋር አስተያዩት።

ሦስተኛ ቀን፦ ቪክና ኤልዴና

ከአሮጌው ወደብ ተነስቶ የሪክን ወንዝ ተከትሎ እስከ ቪክ መንደር 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳማ መንገድ አለ፤ በእግር አንድ ሰዓት ከሩብ፣ በኪራይ ብስክሌት 20 ደቂቃ። መንገዱ ላይ ጥላ የለም፣ ነፋስም አለ፤ በበጋም ቢሆን ንፋስ መከላከያ ጃኬት ያዙ። ነፋሱን መቋቋም የከበደው በአውቶቡስ ይሂድ። ቪክ መግቢያ ላይ በ1887 የተሠራ፣ በሆላንድ ዓይነት ከእንጨት የታነጸ ተከፋች ድልድይ አለ፤ ጀልባ ሲያልፍ ዛሬም በእጅ ነው የሚነሳው። ምሳ ወንዙ ዳር የሚሸጠው የሄሪንግ ዓሣ በዳቦ ይበቃል።

ኤልዴና ከድልድዩ ማዶ፣ በቅርብ ርቀት ነው። መግቢያው ነፃ ነው። ገዳሙን በ1199 ሲስተርሲያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር መነኮሳት መሠረቱት። ፍርስራሽ ያደረገው እርጅና ብቻ አይደለም፤ በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት (ከ1618 እስከ 1648) ተጎዳ፣ ከዚያም ጡቡ እየተነቀለ ለምሽግና ለሌላ ግንባታ ተወሰደ። እስከ ፍሪድሪክ ዘመን የደረሰው ተርፎ የቀረው ነው።

በጣም የታወቀው ምዕራባዊው ግድግዳ ነው፤ መሐሉ ባዶ የሆነ ረጅም ሹል መስኮት ያለበት። «ገዳም በኦክ ጫካ» የሚለው ሥዕል ከዚህ ግድግዳ ተነሳ። ስልካችሁን አውጡና አስተያዩ። በሥዕሉ ላይ ግድግዳው ብቻውን ነው የቆመው፤ በቦታው ላይ ግን ከጀርባው የቤተ ክርስቲያኑ ዓምዶችና የመነኮሳቱ መኖሪያ ቅሪት አለ። የሥዕሉ ቅጠል አልባ ኦኮች ሌላ ቦታ ከተነደፉ ዛፎች የመጡ ናቸው፤ መቃብሩ፣ በረዶውና ሬሳ ተሸክመው በበሩ የሚገቡት መነኮሳት የእሱ ጭማሪ ናቸው። የመስኮቱ ቅርጽ ግን ሳይለወጥ አለ። ብርሃን ከግድግዳው ኋላ እንደሚወጣው እንደ ሥዕሉ ማየት የፈለገ ማለዳ በምዕራብ በኩል ይቁም። አመሻሽ ላይ የሚመጣ ሰው ደግሞ ወደ ምሥራቅ በኩል ዞሮ በመስኮቱ ውስጥ ፀሐይን ይይ። እኩለ ቀን የጡቡን አሠራር ለመመርመር ጥሩ ነው፤ ለሌላ አይሆንም። የቆመው ግድግዳ ላይ መውጣት ክልክል ነው፤ ጡቡ ከላይ የላላ ስለሆነ ከሥሩም አትቀመጡ።

ወደ ባሕሩ ጫፍ፣ ኡትኪክ ወደሚባለው ዳርቻ ጥቂት ብትራመዱ በ1835 አካባቢ የተሳለው «የዕድሜ እርከኖች» መነሻ ቦታ ላይ ትደርሳላችሁ። ሥዕሉ ላይፕሲግ ነው፤ ዳርቻው ላይ አምስት ሰዎች፣ ባሕሩ ላይ አምስት መርከቦች። ልጆቹ የያዙትን ትንሽ ባንዲራ አጉልታችሁ እዩት፤ የስዊድን ነው። ከተማው ወደ ጀርመናዊቷ ፕሩሲያ ከተላለፈ ያኔ 20 ዓመት ገደማ ሆኖታል።

አራተኛ ቀን፦ የሩገን የጠመኔ ገደሎች

ማለዳ በባቡር ወደ ሽትራልዙንድ፣ እዚያ ቀይራችሁ ደሴቲቱ ላይ ወዳለችው ከተማ ወደ ዛስኒትስ። ከዛስኒትስ ሁለት ምርጫ አለ። ኬኒግስሽቱል እስከሚባለው ረጅም የጠመኔ ገደል በአውቶቡስ መሄድ፣ ወይም በገደሉ አናት ላይ ባለው የጫካ መንገድ ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ መራመድ። መራመዱ ከነዕረፍቱ 4 ሰዓት ይፈልጋል፤ ብዙ ውጣ ውረድና ደረጃ አለው፤ የመንገድ ላይ የምግብ ቤት ተስፋ አታድርጉ፣ ውሃ 1.5 ሊትር ለአንድ ሰው ያዙ። በእግር ሄዶ በአውቶቡስ መመለስ ይሻላል፤ የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት ግን ከመነሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት።

ጠመኔው 70 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የባሕር ወለል ዝቃጭ ነው፤ ጥቁር የባልጩት ድንጋይ በመስመር በመስመር ተሰግስጎበታል። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይናዳል። ስለዚህ አደገኛው ወቅት ከክረምት መውጫ እስከ ፀደይና ከብዙ ዝናብ በኋላ ያለው ነው። ያኔ ከገደሉ ሥር በባሕሩ ዳር አትሂዱ። የካቲት 24 ቀን 2005 ቪሶወር ክሊንከን የሚባሉት ሹል ጫፎች ወደ 50,000 ሜትር ኩብ ጠመኔ ይዘው ባሕር ገቡ። ብዙዎች የፍሪድሪክ ሥዕል የተሳለው በእነሱ ነው ብለው ያምናሉ፤ ነገር ግን በእሱ ዘመን ያን ቅርጽ አልያዙም ነበር። ሥዕሉ ከተለያዩ ንድፎች የተገጣጠመ ስለሆነ «ትክክለኛውን ነጥብ» ፍለጋ ከአጥር አልፎ ወደ ጠርዙ መጠጋት ለከንቱ ሕይወትን አደጋ ላይ መጣል ነው።

ለማስተያየት የተሻለው ቦታ ቪክቶሪያ ዚክት የሚባለው ትንሽ መመልከቻ ነው። ክፍያ የለውም፣ 118 ሜትር ከፍታ ያለውን ኬኒግስሽቱልን ከጎን ያሳያል፣ በሁለቱም በኩል ቢች ዛፍ ስላለ የሥዕሉን ክፈፍ ይሰጣችኋል። ኬኒግስሽቱል ላይ ከ2023 ጀምሮ የሚኬደው በተንጠለጠለ ድልድይ ነው፤ ዓለቱ እንዳይሸረሸር ታስቦ የተሠራ ነው፣ መግቢያም ይከፈልበታል። «የሩገን የጠመኔ ገደሎች» ራሱ 90.5 በ71 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ስዊዘርላንድ ቪንተርቱር ይገኛል። ፍሪድሪክ በ1818 ካሮሊነ ቦመርን አግብቶ ወደዚህ አገር ይዟት የመጣበት ጉዞ ፍሬ ነው።

አምስተኛ ቀን፦ በርሊን፣ አልተ ናሽናልጋለሪ

አልተ ናሽናልጋለሪ (አሮጌው ብሔራዊ የሥዕል ማሳያ) ሙዚየም ደሴት በሚባለው ቦታ ላይ ነው። ባለ ሰዓት ትኬት አስቀድማችሁ ግዙ፤ በሩ 10 ሰዓት ሲከፈት ግቡና ታችኛዎቹን ፎቆች አልፋችሁ በቀጥታ ወደ ላይኛው ውጡ። የፍሪድሪክ አዳራሽ እዚያ ነው፤ ቡድኖች ከታች ስለሚጀምሩ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጸጥታ ይኖረዋል።

«መነኩሴ በባሕር ዳር» እና «ገዳም በኦክ ጫካ» በመጠን ተቀራራቢ ናቸው፤ ቁመታቸው 110 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዳቸው 171። በ1810 በበርሊን አካዳሚ አብረው ታዩ፤ የፕሩሲያ ንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ሦስተኛ ሁለቱንም ገዛ። ከ2013 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ተጠግነዋል። ከቀለሙ ሥር ያለውን ንድፍ በሚያሳይ ኢንፍራሬድ ጨረር ሲመረመሩ በመነኩሴው ሥዕል ላይ ፍሪድሪክ መጀመሪያ መርከቦች ነድፎ በኋላ እንደተዋቸው ታየ። ከሸራው አምስት እጅ አራቱ ያህል ሰማይ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ዓይን የሚያርፍበትን ነገር እያወቀ አነሳው። ሰማዩን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ እዩት፤ ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት የሚመስለው ግራጫ በቅርብ ብዙ ዓይነት ነው።

«የኤልዴና ፍርስራሽ» በ1825 የተሳለ ትንሽ ሥዕል ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ያያችሁት ጡብ ይኸው፤ እዚህ ግን በፍርስራሹ መሐል የገበሬ ጎጆ ተጠግቶ ቆሟል፣ መነኩሴም ሬሳም የለም። ከትልቁ ሥዕል ጋር ስታስተያዩት ያንኑ ቦታ በሁለት መንገድ ማየት እንደሚችል ይገባችኋል። «ብቸኛው ዛፍ» እና «ጨረቃ በባሕር ላይ ስትወጣ» ደግሞ ባለሀብቱ ዮአኺም ሃይንሪሽ ቪልሄልም ቫገነር በ1822 ያሠራቸው ጥንድ ናቸው፤ የዚህ ብሔራዊ የሥዕል ማሳያ መጀመሪያም እሱ በ1861 በኑዛዜ የተወው ስብስብ ነው።

ሁሉም አልተረፈም። ፍሪድሪክ ከሞተ በኋላ ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ1906 በበርሊን በተደረገው ትልቅ ትርኢት እንደገና ታወቀ፤ በ1931 ግን የሙኒክ የመስታወት ቤተ መንግሥት ሲቃጠል በርካታ ሥዕሎቹ ጠፉ፤ «በበረዶ ውስጥ ያለ የገዳም መቃብር» የሚለው የበርሊን ሥዕል በ1945 ተቃጥሎ ዛሬ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ ይታወቃል። የመጽሐፍ ሱቁ ውስጥ ፎቶውን ካገኛችሁ ቆማችሁ እዩት።

አንድ ቀን የተረፈው ሃምቡርግ ሄዶ «ከጭጋግ ባሕር በላይ ያለው ተጓዥ» እና «የበረዶ ባሕር»ን ይመልከት። ወደ ድሬስደን የሚያዘነብል ደግሞ አልበርቲኑም ውስጥ በ1808 የተሠራውን የቴቼን መሠዊያ የሚባለውን ሥዕልና «ጨረቃን የሚመለከቱ ሁለት ሰዎች»ን ያገኛል። ሁለቱን ከተሞች በአንድ ቀን ለማዳረስ አትሞክሩ፤ አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው፣ በክልል ባቡር ደግሞ ግማሹን ቀን መንገድ ላይ ትጨርሱታላችሁ።